ለቀድሞ ተማሪዎቼ፦ ስለ ሮዳጅ ያስተማርኳችሁን ላርም

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ከእኔ ጋር ናፍጣና ዘይት ተቀብታችሁ የተማራችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። መጨረሻው ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን ቃሊቲ አካባቢ የራሱ ጋራዥ አለው፤ አራት ልጆችም ቀጥሮ ያሠራል።

"ቲቸር፣ ነገ ጠዋት ሞተር ላስነሳ ነው። ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል" አለኝ።

"አንተ ስንት ሞተር አስነስተህ? ዛሬ ምን ተገኘ?" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና "የዚህኛው ባለቤት ነገር አንጀት ይበላል" አለ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። መኪናው ኤንፒአር አይሱዙ ነው፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ። ሹፌሩ ራሱ ባለቤቱ ነው። ከወራት በፊት ውሃው እየጎደለ መሆኑን ሳያይ ዳገት ላይ ሞተሩ ጋለና ነከሰ። የተሰበሰበው ሽንኩርት ሌላ መኪና ላይ ተገልብጦ ሄደ፤ የእሱ መኪና ተጎትቶ ቃሊቲ ገባ። ለእድሳቱ ግማሹን ከዕቁብ አወጣ፣ ግማሹን የሚስቱ የአንገት ወርቅ ሸፈነው። ያን ጠዋት ሚስቱ ምጥ ላይ እንዳለች ሰው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። መቀመጫ ብንሰጠውም አልተቀመጠም።

ተማሪዬ ሥራውን አሳየኝ። አዲስ ላይነር ገብቷል፣ ሆኒንግ ተሠርቶለታል። ፒስተንና ሪንጉ አዲስ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ተሞርዶ በልኩ ብሮንዚን ተገዝቶለታል። የናፍጣ ፖምፓው ተፈትሿል። "ሲሊንደሮቹን በምን አጠብካቸው?" አልኩት። "በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ነጭ ጨርቅ ሳይቆሽሽ እስኪወጣ። ከዚያ ወዲያው ዘይት ቀባኋቸው" አለኝ። ደስ አለኝ። ብዙ ሰው በናፍጣ ወይም በቤንዚን አጥቦ ንጹህ የሆነ ይመስለዋል። ከሆኒንግ ድንጋዩ የወጣው ደቃቅ አሸዋ ግን እዚያው ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሞተሩ የተነሳ ቀን አዲሱን ሪንግ መፍጨት ይጀምራል።

ወደ ማስነሳቱ ከመግባቴ በፊት መካኒክ ላልሆናችሁ ጓደኞቼ አንድ ነገር ላስረዳ። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያቀጣጥል ካንዴላ የለውም። አንዳንዶቹ ላይ የምታዩት ካንዴላ ለብርድ ጊዜ ማሞቂያ ነው እንጂ ማቀጣጠያ አይደለም። ሞተሩ የሚያደርገው አየርን ከ16 እስከ 20 እጥፍ ድረስ መጭመቅ ነው። ያ የተጨመቀ አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የሚያምር አሠራር ነው፤ ግን አንድ አስፈሪ ጎን አለው። የቤንዚን መኪና ቁልፉን ስታጠፉት እሳቱ ይቋረጣል። የናፍጣ ሞተር ግን ናፍጣ ወይም አየር ካልተከለከለ በቀር ማንም አያቆመውም። የፈጠረው ሰው ሩዶልፍ ዲዝል ራሱ በ1893 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀርመን አውግስበርግ ውስጥ የመጀመሪያውን የሙከራ ሞተር ሲሞክር የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ለጥቂት ነው የተረፈው። የመጀመሪያ ማስነሳት ከመጀመሪያውም የሚያስፈራ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቃሊቲ ልመለስ።

ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት ክራንክ ሻፍቱን በእጅ በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርነው። አራቱም ሲሊንደሮች ሥራቸውን የሚጨርሱት በሁለት ዙር ነው፤ አንድ ዙር አይበቃም። የሚነካካ ነገር ካለ በእጅ ላይ ይታወቃል። በሞተሪኖ ከሆነ ግን የሚታወቀው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ዘይት። ፊልትሮው ሳይታሰር በፊት ዘይት ተሞላ። ከዚያ ናፍጣው እንዳይገባ ማጥፊያውን ዘግተን በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው። 10 ሰከንድ ማዞር፣ ማረፍ፣ እንደገና 10 ሰከንድ። ያለ እረፍት ከተዞረ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ይሄን የምናደርገው የዘይት መብራቷ እስክትጠፋ ነው። መብራቷ ጠፋች ማለት ዘይቱ ብሮንዚኖቹ ጋ ደርሷል ማለት ነው። አዲስ ብሮንዚን በደረቁ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ቢዞር የወር ሥራ ከንቱ ይሆናል።

ከዚያ ውሃ ተሞላ፣ አየሩ እንዲወጣ ተጠበቀ። የናፍጣው መስመር በእጅ ፖምፓ እየተገፋ አረፋው እስኪያልቅ አየር ወጣለት።

"አሁን ልናስነሳው ነው?" አለ ሹፌሩ።

"አንዴ" አለ ተማሪዬ። ወደ ግድግዳው ሄደና ከምስማር ላይ የተሰቀለች ጣውላ አወረደ። የሁለት መዳፍ ስፋት ያላት፣ በአንድ ጎኗ የጎማ ቁራጭ የተመታባት ጣውላ ናት። ከሠራተኞቹ ለአንዱ ሰጠውና "አየር ማስገቢያው ጋ ቁም። 'ዝጋ' ስልህ ምንም ሳትጠይቀኝ ትገጥማታለህ" አለው። የእሳት ማጥፊያውንም አስቀረበ።

እኔ ጣውላዋን ሳይ አንገቴን ደፋሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የዚያን ዓመት ተማሪዎች ታስታውሳላችሁ፤ ግን ሙሉውን አልነገርኳችሁም ነበር።

1998 ዓ.ም. ነው። በምናስተምርበት ወርክሾፕ ውስጥ አንድ አሮጌ ባለስድስት ሲሊንደር የአውቶቡስ ሞተር ማቆሚያ ላይ አስረን አደስነው። የናፍጣ ፖምፓውን የገጠምኩት እኔ ነበርኩ፤ እናንተ ዙሪያውን ቆማችሁ ነበር። አየር ማጣሪያው ገና ስላልተገጠመ አፉ ክፍት ነው። ቆንጆ አድርጎ ተነሳ፤ አጨበጨባችሁ። ከዚያ ሳንነካው ዙሩ መጨመር ጀመረ። ማጥፊያውን ሳብኩ፤ ምንም። የናፍጣውን ቧንቧ ዘጋሁ፤ ፊልትሮና ፖምፓው ውስጥ የቀረው ናፍጣ ግን ይበቃዋል። ድምፁ ከማጓራት ወደ ፉጨት ተለወጠ። ወርክሾፑ በጥቁር ጭስ ተሞላ። "ውጡ!" ብዬ ጮህኩ፤ እናንተም ወጣችሁ። እኔ ግን እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አስተምሬዋለሁ፤ እግሬ ግን እምቢ አለ።

ያኔ አንድ ልጅ አልወጣም። ቡሎኖቹን የደረደርንበትን ጣውላ አነሳና ቡሎኖቹን መሬት ላይ ደፋቸው፣ ጣውላውን አየር ማስገቢያው አፍ ላይ ደገነው። ሞተሩ ታፈነ፣ ማቆሚያውን እያንቀጠቀጠ ሞተ። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ያ ልጅ የዛሬው የጋራዥ ባለቤት ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አመሰገንኩት። ያልነገርኳችሁ ይሄን ነው፦ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ፖምፓው ውስጥ የናፍጣውን መጠን የሚወስነው ዘንግ ሙሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ፖምፓውን ከመግጠሜ በፊት በጣት ገፋ አድርጎ በነጻነት ወዲያ ወዲህ ማለቱን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። አላየሁም። "የአሮጌ ዕቃ ነገር" ብዬ አለፍኩት።

ስለዚህ ይሄን ያዙልኝ። የናፍጣ ሞተር አልቆም ብሎ ዙሩ ከጨመረ አየሩን በጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር ዝጉ። በእጅ አይሞከርም፤ የሚስበው ኃይል እጅ ይጎዳል። ጨርቅም አይሆንም፤ ይውጠዋል። መኪና ላይ ተገጥሞ ማኑዋል ማርሽ ያለው ከሆነ፣ ከፊት ሰው ከሌለ፣ ትልቁን ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ፍሪሲዮን መልቀቅ ያፍነዋል። ከሁሉም በላይ ከሞተሩ ጎን፣ ከቬንትሌተሩ መስመር ላይ ማንም አይቁም። ነጠላና ሻርፕ ያደረገ ሰው ጭራሽ አይጠጋ። ይሄ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ሞተሩ ይሰበር፤ ሰው ይትረፍ።

ቃሊቲ ላይ ጣውላዋ አላስፈለገችም። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ አወጣ፣ አንገራገረ፣ ከዚያ አራቱም ሲሊንደሮች ተስማሙ። የዘይቷ መብራት ወዲያው ጠፋች። በ10 ሰከንድ ውስጥ ባትጠፋ ኖሮ እናጠፋው ነበር፤ "እስኪ ትንሽ እንጠብቅ" የሚባል ነገር የለም። ሹፌሩ መዳፉን በሩ ላይ አድርጎ ንዝረቱን ሲያዳምጥ አየሁት። ማንንም አላየም።

ተማሪዬ ሚኒሞውን አስተካከለና ለሠራተኛው እንዲህ አለው፦ "እንግዲህ እስከ ማታ እንዲሁ ይዋል። 8 ሰዓት ሚኒሞ ላይ።" ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ። "የእርስዎ ሕግ ነው ቲቸር፤ አልረሳሁትም።"

"አጥፋው" አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። "አጥፋው፤ ወይ ዙሩን ከፍ አድርገው። ያስተማርኩህ ስህተት ነው" አልኩት፣ በሠራተኞቹ ፊት።

ይሄን ያወቅኩበትን ታሪክ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከማስተማር ጎን የግል ሥራ በምሠራበት ጊዜ አንዲት እናት የወፍጮ ሞተራቸውን አመጡልኝ። ባላቸው ሞተው ወፍጮዋን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት ናቸው። አንድ ሲሊንደር ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። አደስኩላቸውና "ለሦስት ቀን እህል ሳታስገቡ ባዶውን አዙሩት፤ ሮዳጅ ነው" አልኳቸው። ሴትየዋ አዩኝና "ልጄ፣ ምጣድ እንኳ ያለ እሳት አይሟሽም። ይሄ ብረት ባዶውን ዞሮ ምን ይማራል?" አሉኝ። ሳቅኩ። የተማርኩት እኔ ነኛ!

በወሩ ተመልሰው መጡ። ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ጉልበት የለውም። "ያደረጉት ዘይት ጥራት የሌለው ነው" አልኳቸው። ስከፍተው የሲሊንደሩ ግድግዳ እንደ መስታወት ያበራል። የሆኒንጉ ጭረት የለም፣ ሪንጉም ገና አልተገጣጠመም። እንደገና ሆኒንግ ተሠራ፣ እንደገና ሪንግ ተገዛ፣ እንደገና ከፈሉ። ሁለተኛውን የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ተቀብያለሁ።

የሆነው ይሄ ነው። የሲሊንደር ግድግዳ ላይ በሆኒንግ የሚሠመሩት እርስ በርስ የሚቋረጡ ጭረቶች ሁለት ሥራ አላቸው። ጎድጓዳው ዘይት ይይዛል፣ ጫፉ ደግሞ ከሪንጉ ጋር ተፋጭቶ ሁለቱ ይገጣጠማሉ። ሪንጉን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ መለጠጥ ብቻ አይደለም። ዋናው ገፊ ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ ነው፤ ከሪንጉ ጀርባ ገብቶ ይገፋዋል። ጭነት ሲኖር ናፍጣው ይበዛል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሪንጉ ይጠብቃል። ሚኒሞ ላይ ወይም ባዶውን ሲዞር ግን ግፊቱ ትንሽ ነው። ዘይት ወደ ላይ ያልፋል፣ በደንብ ካልተቃጠለ ናፍጣ ጋር ግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ ጭረቱን እንደ ቫርኒሽ ይሸፍነዋል። አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ሪንጉ የሚፋጭበት ነገር የለም። ሁሉ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።

ሴትየዋ ልክ ነበሩ። ምጣድ በጎመንዘር ሲሟሽ እሳት ይነድበታል፤ በአንድ ጊዜ አይንቀለቀልም እንጂ ያለ እሳትም አይሆንም።

ይሄን ሁሉ ለተማሪዬ እዚያው ቆሜ ነገርኩት። ወፍጮዋንም፣ የ1998ቱንም። ዝም ብሎ ሰማኝና "ታዲያ አሁን ምን እናድርግ?" አለ። ልጁ ድሮም እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሥራው።

ያደረግነው እንዲህ ነው። ዙሩን ከ1,200 እስከ 1,500 አካባቢ ይዘን የውሃ፣ የዘይትና የናፍጣ መፍሰስ አለ ወይ ብለን ዞረን አየን። ሙቀቱ መደበኛው ላይ ሲደርስ አጠፋነው። ቀዝቀዝ ሲል ዘይቱንና ውሃውን እንደገና ለካን፤ አየሩ ስለወጣ ውሃው ጎድሎ ነበር፤ ሞላነው። ከዚያ ለሹፌሩ "ግማሽ ጭነት ጫንና ሞጆ ደርሰህ ተመለስ" አልኩት።

ዓይኑ ፈጠጠ። "ጋሼ፣ አዲስ ሞተር ላይ ጭነት? በ40 ባዶዬን ልንዳው እንጂ!"

"እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ባዶህን በ40 ብትነዳው የሚስትህ ወርቅ በጭስ ነው የሚወጣው" አልኩት።

አብሬው ሄድኩ፤ በቃል ብቻ የሚታመን ነገር አልነበረም። በዱከምና በቢሾፍቱ አድርገን ወረድን። መንገድ ላይ ያልኩት ይሄን ነው። በአንድ ፍጥነት ብቻ አትንዳ፤ ከፍ ዝቅ አድርገው። ዳገት ላይ ነዳጁን ጠንከር አድርገህ ለትንሽ ጊዜ ስጠው፣ ከዚያ ልቀቅለት። እስከ መጨረሻው ረግጠህ ብዙ አትቆይ። በትልቅ ማርሽ እያንገዳገድክ አትውጣ፤ ቀንስና ዙሩን ስጠው። ቆመህ ሰው እየጠበቅክ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ አታውለው። ዓይንህ ከሙቀቱና ከዘይቱ አይራቅ። ስንመለስ መንገዱ ራሱ አገዘን። ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ዳገት ነው፣ አየሩም ይሳሳል። ቃሊቲ ስንገባ ሰማያዊ ጭስ አልነበረም። ጸጥ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ ሞተሩም፣ ሰውየውም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ መቂ ደርሶ ተመልሷል፤ ጭነቱን ቀስ በቀስ እየጨመረ። 1,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይቱና ፊልትሮው ተቀየረ። አዲስ ብረት ሲፋጭ የሚያወጣው ደቃቅ ብረት እዚያ ዘይት ውስጥ ስላለ ይሄን ለወጪ ብሎ ማዘግየት አያዋጣም። ትናንት ደውሎልኝ "ጋሼ፣ ዘይቱ ከመለኪያው ላይ አልተነቃነቀም" አለኝ። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

አምራቹ የጻፈው መመሪያ በእጃችሁ ካለ ከእኔ ቃል በፊት እሱን ተከተሉ። መመሪያ በሌለበት ግን፣ አብዛኛው ጊዜ የለምና፣ ከላይ ያልኩትን ያዙ።

አሁን የምጠይቃችሁ። "8 ሰዓት ሚኒሞ ላይ" ብዬ ያስተማርኳችሁ ልጆች ዛሬ በየከተማው ጋራዥ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ታስተምራላችሁ። እኔ ለአንድ ክፍል የተናገርኩት ስህተት በእናንተ በኩል ስንት ሞተር ላይ እንደደረሰ አላውቅም። እባካችሁ አርሙት፤ ለሠራተኞቻችሁም ንገሩ። ግድግዳችሁ ላይ አንድ ጣውላ ስቀሉ። ፖምፓ ከመግጠማችሁ በፊት ያንን ዘንግ በጣት ገፋ አድርጉት።

ወፍጮዋ አሁን በመብራት ነው የምትሠራው አሉ፤ ሴትየዋ ግን በሕይወት አሉ። ለፋሲካ ወደዚያ እሄዳለሁ። የሁለተኛውን የእጅ ዋጋ በፖስታ አዘጋጅቻለሁ፤ በዛሬ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚሆን ሳሰላ ነው ያመሸሁት። ይቅርታውን እንዴት እንደምጀምር ግን ገና አላውቅም።

ሌላም ያሳሳትኳችሁ ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ። አልከፋም። ከምጣዱ ነገር በኋላ ለመስማት ለምጃለሁ።